ትርፍ ጨርቁ አይቆረጥ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልን። እኛ በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ልብስ የምንሰፋና የምናስተካክል ባለሙያዎች ነን። ውፍረት ስለ መቀነስ በየጋዜጣው ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ እግር ጉዞው፣ ስለ ስኳሩና ስለ ደም ግፊቱ። ሰውነት ሲቀንስ ልብሱ ምን ይሁን የሚለውን ግን አንሥቶ የሚጽፍ አላየንም። በዚህ የተነሣ ሰው ወይ ቁም ሣጥኑን ሙሉ ባንድ ቀን ተሸክሞ ወደ ሰፊ ይመጣል፣ ወይ ያለውን ሁሉ ለዘመድ አዝማድ አከፋፍሎ ባዶውን ይቀራል። ሁለቱም ያስቆጫል።

ከሁሉ አስቀድመን የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ ደንበኞችም የሙያ ጓደኞቻችንም ስሙን። ልብስ ሲጠብ ትርፍ ጨርቁ አይቆረጥ። የሰው ክብደት ወርዶ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። በግራና በቀኝ ያለው የጎን ስፌት አራት ጠርዝ አለው። በየጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢለቀቅ ልብሱ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር የሚባለው (ለምሳሌ በወንድ ኮት ከ50 ወደ 52) ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰፊዎች የሚቆርጡት ትርፉ ከላይ ወጣ ብሎ እንዳይታይ ብለው መሆኑን እናውቃለን። መድኃኒቱ ግን መቀስ ሳይሆን ካውያ ነው፤ ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍቶ በእንፋሎት መተኮስ፣ ገበር ያለው ልብስ ከሆነም በእጅ ላላ አድርጎ ያዝ ያዝ ማድረግ። ብብት ሥር እንዳይሸበሸብ ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ግድ ነው፤ እሱም ቢሆን ከ5 ሚሊ ሜትር አይለፍ።

መቼ ይጥበብ? በግምት አንድ ኪሎ ሲቀንስ ወገብ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለመውረድ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ምንም አታስነኩ። የሱሪውን ቁልፍ ወይም መንጠቆ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማዛወር፣ ቀበቶው ላይ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ቀዳዳ መጨመር ይበቃል። አንድ ቁጥር ከወረዳችሁ በኋላ ለሥራ የምትለብሷቸውን ሁለት ሱሪ ወይም ሁለት ጉርድ አምጡ። የቀረው ልብስ ክብደታችሁ ሁለት ሦስት ወር አንድ ቦታ ረግቶ እስኪቆም ይጠብቅ።

ሜትር ይኑራችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ደረት፣ እምብርት ላይ ወገብ፣ ዳሌ በሰፊው ቦታ፣ ጭን ከላይ ለክታችሁ ጻፉ። ሚዛኑ ኪሎውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ጨርቁ የሚጠበው ከየት እንደሆነ የሚያሳየው ሜትሩ ነው።

ከጾም ጋር የሚመጣው ስሕተት ለብቻው መነገር አለበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሕማማት ሳምንት ሱሪውን ይዞ መጥቶ ለፋሲካ አጥብቡልኝ የሚል ደንበኛ ብዙ ነው፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሳያልፍ ደግሞ አላስቆልፍ አለኝ ብሎ ይመለሳል። የተመለሰው ከፊሉ ውኃና በሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለበዓሉ ቁልፍ ይዛወር፣ መቀነት ይታጠቅ፤ ስፌቱን ግን ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ተለክታችሁ አሠሩ። ረመዳንን ለሚጾሙም ምክራችን ይኸው ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። በደንብ የተሰፋ ጨርቅ ሱሪ ከኋላ መሐሉ ላይ በሚወርደው ስፌት ይጠባል፤ ወገቡም እዚያው ላይ ነው የተቀጠለው። መሐለኛው የቀበቶ ማስገቢያ ይነሣል፣ ስፌቱ ከወገብ እስከ መቀመጫው ታች ይፈታል፣ መጠኑ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፣ በረጅም ስፌት ለጊዜው ይሸለላል፣ ባለቤቱ ይለካዋል፣ በመኪና የሚሰፋው ከዚያ በኋላ ነው። መሸለሉን መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሁለቴ መፍታትን ያመጣል። በዚህ መንገድ 4፣ ቢበዛ 5 ሳንቲ ሜትር ይያዛል። ከዚያ ሲያልፍ የኋላ ኪሶቹ ይቀራረባሉ፣ የጎን ስፌቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከፊት ያለው የካውያ መስመር ይጣመማል። ያኔ ወገቡ በሙሉ ተነቅሎ ከሁለቱም ጎን መጥበብ ይኖርበታል፤ ኪስ ስለሚነካ ሥራውም ዋጋውም ከእጥፍ በላይ ነው። ሌላው ጉድለት ወገቡን ብቻ አጥብቦ ጭኑን መተው ነው። ከመቀመጫው በታች ጨርቁ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የውስጥ እግሩ ስፌት እስከ ጉልበት ድረስ አብሮ መያዝ ነበረበት።

ጂንስ ሌላ ነው። የኋላ ስፌቱ ተደራርቦ በድርብ ክር የተሰፋ ሲሆን ወገቡ ደግሞ ከኋላ መቀጠያ የለውም። ስለዚህ ወገቡ ከኋላ በከፊል ተነሥቶ ከሥሩ ሁለት እጥፍ ስፌት ይገባል። እያንዳንዱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢይዝ 3 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ከተፈለገ አዲስ ጂንስ መግዛት ይሻላል። ለዚህ ሥራ 16 ቁጥር መርፌና ወፍራም ክር ያስፈልጋል። በ11 ቁጥር መርፌ የሚሰፋ ሰፊ ወይ መርፌው ይሰበርበታል ወይ ስፌቱ ይዘላል።

ኮት ላይ የሚወስነው ትከሻ ነው። የእጅጌው ስፌት ከትከሻ አጥንት 2 ሳንቲ ሜትር አልፎ ከወረደ ኮቱን ተዉት። ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው፣ ስፖንጁና ገበሩ ሁሉ መነሣት አለበት፤ ተሠርቶም የድሮ መልኩን አያገኝም። ትከሻው ልክ ከሆነ ግን ጎንና ጀርባው ያለ ችግር ይያዛል። የወንድ ኮት ቁጥር የደረት ልክ ግማሽ ነው፤ 54 ለብሶ የነበረ ሰው 50 ሲሆን ደረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻ አስጠብቡ። ሸሚዝ ከጎኑ ቀላል ነው፤ ኮሌታው ተቆልፎ ከሁለት ጣት በላይ ካስገባ ግን ያለ ክራባት ይለበስ።

የሐበሻ ቀሚስ ነው የበለጠ የሚያሳስበን፤ በዝግታ የተሸመነና ውድ ስለሆነ፣ ሲበላሽም መተኪያ ስለሌለው። በመጀመሪያ ይታጠብ፤ የእጅ ፈትል ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሳይታጠብ የተለካ ቀሚስ በኋላ ይጠባል። ቀጥሎ ከብብት እስከ ወገብ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተይዞ ከዳሌ ጀምሮ እየቀጠነ ወደ ድሮው ስፌት ይመለስ፤ እስከ ቅምቅማቱ ድረስ ከወረደ ጥበቡ መሐሉ ላይ ይታጠፍና መስቀሉ ጎኑን ያጣል። የእጅ ሸማ ድሩ ላላ ያለ በመሆኑ በቀላሉ ይተረተራል፤ እዚህ ላይ ጨርቁን መቁረጥ ማለት ቀሚሱን መግደል ነው። ጠርዙ በኦቨርሎክ ወይም በዚግዛግ ይያዝ፣ መርፌውም ቀጭን፣ 11 ቁጥር ይሁን። ለአንድ በዓል ከሆነ ደግሞ መቀነት ያለ ምንም ስፌት ችግሩን ይፈታል።

ሹራብና ጡት መያዣ ለሰፊ አታምጡ። ጡት መያዣ ከኋላ በመጨረሻው መንጠቆ ተቆልፎ እንኳ ከላላ ሌላ መግዛት ነው። ላስቲክ ያለው ቀሚስና ሱሪ ግን ከሁሉ ይቀላል፤ ላስቲኩ ከወገብ ልክ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ተቆርጦ ይቀየራል። የላላ ቀለበት በእጅ ላይ አይቆይ፤ ከወርቅ ቤቶች የሚያጠቡ አሉ፣ እሱም ቢሆን ክብደቱ ከረጋ በኋላ ነው።

ወፍራሙን ጃኬት ለሰው አትስጡ። ስብ ሲቀንስ ብርድ ይበረታል፤ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ የሚታወቅ ነው። የሰፋ ጃኬት ከሥሩ ሹራብ ይችላል።

ሳትጾሙና ሳትለፉ ልብሳችሁ በራሱ ከላላ ግን ሰፊ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ስኳርም ሳንባ ነቀርሳም በዚህ ሊጀምር ይችላል፤ ሙያችን ልብስ ቢሆንም ይህን አይቶ ዝም ማለት አንችልም።

ልብሱን ስትረከቡ ለብሳችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ ጎንበስ በሉ። ቆሞ ልክ የሆነ ሱሪ ሲቀመጡ ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ አውልቃችሁ ገልብጡትና ትርፉ ከውስጥ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ሰፊውን ጠይቁት።

በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች
አዲስ አበባ