ለልጄ፦ ያቺን ጠርሙስ ከፈትናት

ልጄ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በድምፅ ልልክልህ ነበር ግን አባትህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በየመሃሉ እየገባ አላስወራ አለኝ፣ ስለዚ እየጻፍኩልህ ነው፣ ፊደል ከገደፍኩ ዝም ብለህ እለፈው።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ቢራህን ቅዳሜ ማታ ከፈትናት። አዎ ያቺን፣ የጠመቅካትን፣ ባርሊ ዋይን የምትላትን ጠንካራ ቢራ፣ በ2010 ለጥምቀት ስትመጣ ያመጣሃትን፣ "እማዬ እስክመለስ እንዳትነኳት" ያልከኝን። ባለፈው ስንደዋወል "በቃ ክፈቷት እኔን አትጠብቁ" ስትለኝ እውነቴን ነው ከፍቶኝ ነበር፣ ጠርሙሷ ቁምሳጥን ውስጥ እስካለች ድረስ ይመጣል ብዬ ነበራ እኔ። ግን ስምንት ዓመት ሆናት፣ ምን ላድርጋት።

አያያዟን እንደነገርከኝ ነው የያዝኳት። ቁማ ትቀመጥ፣ ፀሐይ አይንካት፣ አትሙቅ፣ አትነካኳት። በፒያሳው ቤት በጓዳ በኩል ያለው ግድግዳ ፀሐይ አያውቀውም ነበር፣ እዛ ቁምሳጥኑ ስር በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ አቆምኳት። ፈረንጆቹ ለዚህ ቢራ ብለው 12 እና 13 ዲግሪ የሆነ ምድር ቤት ይፈልጉለታል ስትለኝ ሳቅኩብህ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ክረምቱን በጋቢ የምታሳልፍ ከተማ እኮ ናት። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እኛም ተነሳን፣ ኤፍኤስአሩ ላይ ቡፌው ተጫጫረ፣ ትልቁ ጋን ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እሷን ግን ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ አቁሜ ነው እስከ አራት ኪሎ ያመጣኋት። ሹፌሩ ዞር ብሎ "እማማ ፀበል ነው?" አለኝ፣ ዝም አልኩት።

ያኔ ሁለት ነበር ያመጣኸው ትዝ ይልሃል? አንዷን በመጣህ በሦስተኛው ቀን ከፈትክ። ለእኔ አረቄ በስኳር ነበር የመሰለኝ፣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ መራራነቱ ደግሞ ጌሾ የበዛበት ጥንስስ፣ ለአንተ ብዬ ዋጥኩት እንጂ ልተፋው ምንም አልቀረኝም ነበር። አባትህማ ከጊዮርጊስ ሌላ ቢራ መች አለ ብሎ ተነሳ፣ በ1915 የተጀመረ ፋብሪካ ሜክሲኮ ተቀምጦ ልጄ ከአሜሪካ ቢራ ተሸክሞ ይመጣል አለ። አንተ ግን ፈገግ ብለህ "እማዬ ይሄ ገና ጥሬ ነው፣ ሁለተኛዋን ቆይተሽ ታያለሽ" አልከኝ። እንግሊዝ አገር ከ1968 በፈረንጅ ጀምሮ የተጠመቀ ቶማስ ሃርዲስ ኤል የሚባል አለ፣ 25 ዓመት ይቆያል ይባልለታል ስትለኝ አላመንኩህም። የኔ ጠላ ከሳምንት ካለፈ ሆምጣጤ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ እኮ።

ቅዳሜ እህትህ ከነልጆቿ መጣች፣ እራት በላን፣ ልጆቹ ሲተኙ አወጣኋት። ፍሪጅ ያስገባኋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል ስላልከኝ። አፏ ላይ ያለው ሰም ድንጋይ ሆኗል። አባትህ በቢላ ሲፍቀው፣ ሰሙ እንደ አሮጌ ጧፍ እየተፈረፈረ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ ከስሩ ቆርኪው ሲከፈት ፍሽሽ እንኳን በደንብ አላለችም፣ እፍ ብቻ። አለቀላት ሞታለች አልኩ በልቤ። እህትህ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ያስፈልጋል አለች፣ ሁለት ብቻ ነው የተገኘው፣ ለኔና ለአባትህ በብርሌ ቀዳሁ፣ አተላዋን ከታች አስቀርቼ በቀስታ። አረፋ ብትል ቀጭን ክር ነገር ናት፣ እሷም ወዲያው ጠፋች። ቀለሙ የቆየ ጠቆር ያለ ጠጅ፣ መብራት ላይ ስታነሳው ጠርዙ ቀይ።

መጀመሪያ አሸተትኳት። ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቴምር፣ ዘቢብ፣ መጥበሻ ላይ የቀለጠ ስኳር። ከዛ ጎንጨት አልኩና ያዝ አድርጌ ስውጠው፣ ልጄ፣ ከኋላ ምን መጣ መሰለህ፣ የታጠነ እንስራ። በግራዋ ታጥቦ፣ ወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ አፍንጫህን ስታስገባበት ያለው ነገር። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እህትህ "እማዬ አመመሽ?" ትለኛለች።

ያኔ ነው የነገርከኝ ሁሉ የገባኝ። ኦክ የምትለውን እንጨት በርሜል ይሠሩና ውስጡን በእሳት ከሰል ያደርጉታል፣ ቦርቦን የሚባለው ውስኪ በአሜሪካ ሕግ አዲስ የተቃጠለ ኦክ ውስጥ ካልሆነ ስሙን አያገኝም፣ ስለዚ አንዴ የሠራበትን በርሜል ለናንተ ለጠማቂዎች ይሸጥላችኋል፣ ቢራውን እዛ ውስጥ ታቆዩታላችሁ ብለኸኝ ነበር። ታዲያ ይሄ ማጠን አይደለም እንዴ? ያኔ እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት። ደግሞ ሌላው፣ ከብቅሉ መጀመሪያ የሚወርደውን ወፍራሙን ብቻ ወስዳችሁ ለዚህ ታደርጋላችሁ፣ የተረፈው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቀለል ያለ ቢራ ይወጣዋል፣ እንግሊዞች ድሮ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት አልክ። ቅራሪ በለኛ! ፈረንጅም ቅራሪ አለው ብዬ ለአባትህ ብነግረው ሳቁን ለቀቀው። ስሙን ግን አልወደድኩትም፣ ባርሊ ዋይን፣ የገብስ ወይን ብሎ ነገር፣ ጉልበቱ የወይን ያህል ስለሆነ ነው ብትልም ገብስ ገብስ ነው።

መሸፋፈን ስለማልወድ ጉድለቷንም ልንገርህ። መራራነቱ ጠፍቷል፣ ጌሾአችሁ ማለቴ ሆፕሱ፣ ጊዜ በልቶታል፣ ስለዚ ጣፋጩ ብቻውን ቀረና ሁለተኛው ብርሌ ላይ ሰለቸኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝናብ የነካው ካርቶን የሚመስል ነገር አለባት፣ በቆርኪው በኩል ትንሽ አየር ሳይገባ አልቀረም። ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብለን ብንከፍታት ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ማቃጠሉ ግን የለም፣ ያ ሁሉ 12.5 ፐርሰንት አልኮል የት እንደገባ እንጃ፣ ደረትህን ሞቅ ያደርግና ዝም። አባትህ ዜና ሳያይ ተኛ፣ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ከመተኛቱ በፊት ግን ብርሌውን ገልብጦ አይቶ "ልጁ ሙያ አለው" አለ። ለኔ አይደለም፣ ለብርሌው ነው ያለው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጠላ ሸጬ እንዳስተማርኩህ ታውቃለህ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ እንኩሮ ሳምስ አንተ በጭሱ ዓይንህን እያሸህ ታጠና ነበር። ከዚህ ጭስ ይውጣልኝ ነበር ጸሎቴ። ኢንጂነሪንጉን ትቼ ቢራ ጠማቂ ሆኛለሁ ስትለኝ ለሰው አልተናገርኩም፣ "ፋብሪካ ነው የሚሠራው" እያልኩ ነው ስምንት ዓመት የኖርኩት። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ስላንተ ስትጠይቀኝ "ጠማቂ ነው፣ እንደኔ" አልኳት። እሷ ምንም አልመሰላትም፣ ደሞዙ ደህና ነው ወይ ብቻ ነው ያለችኝ።

ስትመጣ ቢራ አታምጣ፣ ይከብድሃል። አሮጌ በርሜል ስታፈርሱ የሚወጣ ጣውላ ካለ ግን ሁለት ሦስት ስንጥር ሻንጣህ ውስጥ ክተትልኝ፣ ኤርፖርት ምንድነው ካሉህ የእናቴ ማጠኛ ነው በላቸው። ጋኑ ቢሰበርም እንስራዎቹ አሉ፣ ለፋሲካ በወይራ አንዷን፣ ባንተ እንጨት ሌላዋን አጥኜ አባትህን ሳልነግረው አቀምሰዋለሁ። ቀኑን ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ጌሾውን ቀድሜ መጠንሰስ አለብኝ።

እናትህ