ሳክስፎኑ ሲነፋ ካሜራው የት ነበር?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በየበዓሉ ቴሌቪዥን ላይ ስለምናየው የላይቭ ባንድ ቀረጻ ነው የምጽፍላችሁ። ለዓመታት በምሽት ክበብ ቤዝ ጊታር ስጫወት ስለኖርኩ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ባለፈው በዓል ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አንድ ጣቢያ ላይ ባንዱ ትዝታ ጀመረ። አጀማመሩ ግሩም ነበር። ካሜራው የማሲንቆ ተጫዋቹ ግራ እጅ ላይ ቀረብ ብሎ ቆመ። ጣቶቹ ጭራውን በጎን ነካ ሲያደርጉት፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንም አልቆረጠውም። እናቴ ስኒዋን እንደያዘች ሳትጠጣ ቀረች።

ከዚያ ዘፋኙ ማይኩን ዝቅ አደረገና ወደ ሳክስፎን ተጫዋቹ ዞረ። ሰውየው መንፋት ጀመረ። ካሜራውስ? መጀመሪያ የሚያጨበጭቡ እንግዶችን አሳየን። ቀጥሎ ጭስ። ቀጥሎ ክሬን ላይ የተሰቀለው ካሜራ ከላይ እየተንሳፈፈ ወረደ፣ ከዚያ ደግሞ ዘፋኙ ውሃ ሲጠጣ። እናቴ «ማነው እሱ የሚነፋው?» አለችኝ። ሰውየውን ያየነው ሶሎው፣ ማለትም ለብቻው የሚነፋበት ክፍል፣ አልቆ ከንፈሩን ሲጠርግ ነው።

በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ደግሜ አየሁት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምስሉ 31 ጊዜ ተቀያየረ። ለትዝታ! ችክችካ ቢሆን እሺ፣ ስድስት ስምንተኛው ምት ራሱ ይገፋል፣ ከከበሮው ጋር እኩል ከተቆረጠ ደስ ይላል። ትዝታ ግን ቀስ ብሎ ነው ሰው ውስጥ የሚገባው፤ ኤዲተሩ ዘፈኑን እየሰማ ቢቆርጥ ኖሮ እጁ ራሱ እምቢ ይለው ነበር።

ሌላው ድራመሩ ነው። ከሩቅ በተነሳው ምስል ዱላው ከወረደ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማው። ምክንያቱን እገምታለሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ካሜራው ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ ከቆመ ድምፁ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ ቪዲዮው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለው ብለን ስናስብ ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። ኤዲተሩ ይህን የዘገየ የካሜራ ድምፅ ከመድረኩ ማይኮች በቀጥታ ከተቀዳው የሚክሰር ድምፅ ጋር ካገጣጠመ ምስሉ ይቀድማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድምፁን ትቶ ዱላውን እያዩ ማስተካከል። መብራቱም ይንቀጠቀጥ ነበር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ከተተወ አንዳንድ መብራት እንዲህ ያደርጋል፣ 1/50 ማድረግ ነው።

የሳክስፎኑ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይቆጨኛል። በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው። ጎፈሩን ደፍቶ የነፋባቸውን ቪዲዮዎች ፈልጋችሁ እዩ። ጉንጩ ሲነፋ፣ አንገቱ ሲገተር፣ ትንፋሽ ሲስብ ካላየን ፉከራው ግማሽ ይሆናል። ካሜራማኑ እዚያ ሰዓት ጭስ ቢያሳየን ኖሮ ዛሬ ምን ይዘን እንቀር ነበር? አሁን ያሉትም ልጆች ያረጃሉ፣ ያልፋሉ። የሚቀርልን ይኸው ቀረጻ ነው።

ካሜራማኖቹን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ዘፈኑን የሚሰሙት ቀረጻው ዕለት ነው፤ ሶሎ የማን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ስለዚህ አዘጋጆቹን የምለምነው ይህንን ነው፦ ልምምድ ላይ አንድ ቀን ይገኙ፣ ከባንዱ አንድ ሰው ዳይሬክተሩ አጠገብ ይቀመጥና «አሁን ሳክስ፣ ቀጥሎ ክራር» እያለ ይንገረው። ሶሎ ሲጀመር ደግሞ የተጫዋቹ ስም ከሥር ይጻፍ፣ እናቴም ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ