ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል። ወንዱ ቁመቱ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሞቋል። ይሄን ሁሉ የምደረድረው ዋናው ነገር አልወጣ ብሎኝ ነው።

እሁድ በቪዲዮ ስናወራ ጀበናሽን ከኋላሽ አየሁት። አቧራ ለብሷል። «ለማን ብዬ አፈላለሁ?» አልሽኝ። ከፋሲካ ወዲህ ማኅበርሽንም ትተሻል። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅተሽ እስኪነጋ ጣሪያ ታያለሽ። ስጠይቅሽ «ጨጓራዬ ነው» ትያለሽ። ጨጓራሽ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም፣ እማዬ።

ወንድሜንም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ እንቅልፉ ጠፋ። ከዚያ ኳሱን ተወ። ከዚያ ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጬለት እመለስ ጀመር። እንግዳ ሲመጣ «ክፍለ ሀገር ሄዷል በይ» አልሽኝ። አልኩ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። ሐኪም ሳያየው 2 ዓመት አለፈ። ጠበል ስለወሰድሽው አልወቅስሽም፤ ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዱ ነበር። «ልጇ አማኑኤል ገባ» እንዳይባል ብለሽ ደበቅሽው። እኔም አብሬሽ ደበቅኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይሄኛውን አልደብቅም። የአባዬ ኀዘን ነው፣ ያልፋል ብዬ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ከ2 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ማየት አለበት። የአማኑኤል ስም ከከበደሽ ዘውዲቱም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ደምሽን ይዩልሽ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስም ሰው እንዲህ ይሆናል። የግፊት መድኃኒትሽን ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው። አዲስ ነገር ካዘዙልሽ በ3 ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትተዪው። ሳምንታት ይፈልጋል።

እሁድ ስልኩን ልንዘጋ ስንል «እኔ አሁን ብሄድ ማን ይጎዳል?» አልሽ። የት ነው የምትሄጂው? ከዚያ ወዲህ እኔም አልተኛሁም። እማዬ፣ ራስሽን ስለማጥፋት አስበሻል? ተቆጪኝ፣ ግን እውነቱን ንገሪኝ።

የአክስቴ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ታድራለች። ሐሙስ ጠዋት ራይድ ጠርታ አብራሽ ትሄዳለች። እስከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ ደውዪልኝ። እዚህ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቹም አልተኙም።