የታክሲ ሰልፉ ላይ ሕፃን አለ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መኪና የለንም። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሥራዬ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ሰፈር ውስጥ ያለ ኬጂ በእግሯ ትሄዳለች። ትንሹ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። እሱ በሥራ ቀን ሁሉ ከእኔ ጋር ሜክሲኮ ደርሶ ይመለሳል።

የሚመላለሰው መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ስላለው ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ እኛን ስታሳድግ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ለጎረቤት ሰጥታን ነበር የምትሄደው፤ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን እያራሰው እስከ ማታ ትሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ ትነግረናለች። እኔ በምሳ ሰዓት ሁለት ፎቅ ወርጄ ልጄን አጠባለሁ። ሞግዚቶቹ ስሙን ያውቃሉ፣ የሚወደውን ያውቃሉ። ስለ ማቆያው ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ ሕፃኑ እዚያ እስኪደርስና ከዚያ እስኪመለስ ስላለው መንገድ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጁን አዝዬ፣ የዳይፐሩንና የምግቡን ቦርሳ አንግቼ ደረጃውን እወርዳለሁ። መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሌላ ታክሲ ይበቃ ነበር። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አንዳንድ ታክሲዎች መንገዱን ያቆራርጡታል፤ በአንድ ሒሳብ የሚኬደውን ሁለት ቦታ ቆርጠው ሁለት ጊዜ ያስከፍሉበታል። እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳት ነው። ልጅ ለያዘ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ መውረድ፣ አንድ ተጨማሪ ግፊያ፣ አንድ ተጨማሪ ሰልፍ ነው። የተኛ ሕፃን ይነቃል፣ የነቃ ያለቅሳል፣ ያለቀሰ ያስመልሰዋል። ቢሮ ስደርስ የማጥበው የእሱን ልብስ ብቻ አይደለም፤ የእኔንም ነው።

ማታው ይብሳል። ከሜክሲኮ መገናኛ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዓት ተኩል አልፏል። የሰፈራችን ሰልፍ ታጥፎ፣ እንደገና ታጥፎ አስፋልቱ ዳር ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላይ ዝናቡ ነው፣ ከታች ጎርፉ። መጠለያው ከሰልፉ ጫፍ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያስጠልላል። ልጄን በጋቢ ሸፍኜ፣ በጋቢው ላይ ላስቲክ ደርቤ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ እቆማለሁ። ያለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ሳንባ ምች ታሞብኛል። የታመመው በሰልፉ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለቱንም ጊዜ ትኩሳቱ የጀመረው በዝናብ በስብሶ ባመሸ ማግስት ነበር።

ስለ ከተማችን ሰው ደግሞ እውነቱን ልናገር። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ልጄን የማልይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ከሆነ ከተቀመጡት አንዷ «አምጪው ልጄ፣ እኔ ልያዝልሽ» ትለኛለች። ስሟን የማላውቃት እናት ደረት ላይ ልጄ እንቅልፉን ይለጥጣል። ባለፈው የሚያለቅሰውን ልጅ አንድ ወጣት ተቀብሎኝ እስከ መገናኛ በስልኩ መብራት ሲያጫውተው መጣ። ከረዳቶቹም «ጠጋ ጠጋ በሉላት፣ ሕፃን ይዛለች» የሚሉ አሉ። ብዙ ተራ አስከባሪዎችም «እናት፣ አንቺ ወደ ፊት ነይ» ብለው ከሰልፉ ያወጡኛል። እግዜር ይስጣቸው። ይህ ባይኖር ልጅ ይዞ ሥራ መሄድ አይታሰብም ነበር።

ሆኖም የልጄ ማታ በዚያ ሰዓት በቆመው ተራ አስከባሪ ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ያስቀድመኛል፣ ሌላው አያየኝም። ከሰልፍ ስወጣ ደግሞ «እኛስ አልደከመንም?» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። እውነታቸውን ነው። አንድ ሰዓት የቆመ ሰው፣ ቤቱ ልጆቹ የሚጠብቁት ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ተራውን ሳይጠየቅ ሲወሰድበት ቢከፋው አልፈርድበትም። ሥርዓት የሌለው ቸርነት ለእኔም ያሳፍረኛል፣ እሱንም ያስቀይመዋል።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በባለቤቴ ነው። የምሠራው ፋይናንስ ክፍል ስለሆነ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ አመሻለሁ። በእነዚያ ሳምንታት ልጁን ከማቆያው ተቀብሎ ወደ ቤት የሚወስደው አባቱ ነው። አንድ ማታ ልጁን ታቅፎ ከሰልፉ ፊት ቀርቦ ሲጠይቅ «ወንድሜ፣ ጎበዝ ነህ እኮ፣ ሰልፍህን ጠብቅ። እናትየው የት ሄዳ ነው?» አሉት። ቤት የገቡት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ርሃቡም ብርዱም ያው ነው። የተለየው የያዘው ሰው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ያዘነው ለእኔ እንጂ ለሕፃኑ እንዳልነበር የገባኝ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ወደ ሰልፉ ፊት ሄዶ አልጠየቀም፤ ከኋላ ይሰለፋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የትራንስፖርት ቢሮው በየታክሲ ተራው ግልጽ ሥርዓት ያውጣ። ሚኒባስ አሥራ ሁለት መቀመጫ አለው። ከእነዚህ ሁለቱ ሕፃን ለያዘ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ይሁኑ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ በሰልፉ ይሞሉ። ሰልፉ ላይ የቆመ ሁሉ አሥሩ የእሱ፣ ሁለቱ የእነዚያ መሆናቸውን አስቀድሞ ይወቅ። ያን ጊዜ ተራ አስከባሪው ተቆጪ አይሆንም፣ እኔም ለማኝ አልሆንም። አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ተራ አስከባሪዎቹ በአግባቡ ቢነገራቸው ይጀመራል። መንገድ መቆፈር፣ አዲስ አውቶቡስ መግዛት አያስፈልገውም።

የልጅ ሒሳብም ይጻፍ። ትልቋን ይዤ ስሄድ ከረዳቱ ጋር ሳልጨቃጨቅ የወረድኩበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ «ትታቀፍ» ይላል፣ ሌላው «ትከፍላለች» ይላል። በከፈልኩላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ሲበዛ «እህት፣ ልጅቷን እቀፊያት» የሚባልበትም ጊዜ አለ። ታክሲው ውስጥ የሚለጠፈው ታሪፍ ላይ ስለ ልጅ አንድም መስመር አላየሁም። ከስንት ዓመቷ ጀምሮ እንደምትከፍል፣ ከከፈለች ደግሞ ወንበሩ የእሷ መሆኑ ተጽፎ ቢለጠፍ ጭቅጭቁ ያልቅ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስለ እሷ ስንከራከር ትሰማለች። አንድ ቀን ስንወርድ «እማ፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት?» አለችኝ።

ዘመዶቻችን መፍትሔው ቪትዝ መግዛት ነው ይሉናል። ከሚሊዮን ብር በላይ የሚጠይቅ መኪና በሁለት የመንግሥት ደመወዝ አይገዛም። ቢገዛስ? በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ የቆምነው እናቶችና አባቶች ሁላችን በየመኪናችን ብንመጣ መንገዱ የት ይበቃናል? በዚህች ከተማ አብዛኛው ሰው የሚንቀሳቀሰው በእግሩና በሕዝብ ትራንስፖርት ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። የልጄን እጅ ይዤ ዜብራ ላይ ስቆም ይህን አልረሳውም።

ለንደን የምትኖረው እህቴ ትንሹ ሲወለድ ቆንጆ የሕፃን ጋሪ ላከችልኝ። እሷ ልጇን በጋሪው እንደተቀመጠ ይዛው አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ አውቶቡሱ ውስጥ ለጋሪ የሚሆን ቦታ አለ፣ ልጁም አይከፍልም። የእኔ ጋሪ በረንዳ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራት ፎቅ ተሸክሜው ብወርድ ከታች ኮብልስቶኑ ይጠብቀኛል፤ ታክሲ ተራ ብደርስ ሚኒባሱ አያስገባውም። የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ሜክሲኮ አካባቢ ግን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራትም አለው፤ ትንሹ መራመድ የተማረው በምሳ ሰዓት እዚያ ላይ ነው። ያንን ስፋት ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሳይት ባመጡልን እላለሁ።

የከተማው አስተዳደር አዲስ አበባን ልጆችን ለማሳደግ ምቹ ከተማ አደርጋታለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። መጫወቻ ቦታዎችና ማቆያዎች ሲከፈቱም እያየን ነው። የሕፃናት ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን እንደ እኛ ባሉ ሩቅ ሳይቶችም በብዛት ቢከፈት ብዙ ጡት የጣሉ ሕፃናት ከነጭራሹ ታክሲ ባልተሳፈሩ ነበር። ጡት ለሚጠባ ልጅ ግን ማቆያው እናቱ ያለችበት መሆን አለበት። እሱ ሰልፉ ላይ መቆሙ አይቀርም።

በመስከረም ልጄ ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ከሰዓት የሚቀበላት ሰው ሰፈር ውስጥ ስለሌለን ትምህርት ቤቷን ከሥራዬ አጠገብ አድርገነዋል። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ሰልፉ ላይ የምንቆመው ሦስት ሆነን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ከየካ አባዶ