ፓኔሉስ ርካሽ ነበር፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ዋና ሥራ አንድ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የሶላር መብራት ማስገባት። ጢስ ዓባይ ሄደን የኃይል ማመንጫውንም አይተናል። እሱን በፎቶው ገጽ ታገኙታላችሁ።

መስከረም ላይ አባላቱ በጀት ሲያወጡ ወረቀቱን የሞላው ፓኔል ነበር። ሌላው ሁሉ "ልዩ ልዩ" በሚል አንድ መስመር ታጨቀ። ከዚያ ገበያ ወጥተው ዋጋ ጠየቁ። ሲመለሱ "ልዩ ልዩ" ፓኔሉን አስከንድቶታል። የባትሪውን ኃይል እንደ ግድግዳ ሶኬት መብራት አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተር አለ፣ ባትሪ አለ፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ብሬከር፣ ገመድ፣ የብረት ማቆሚያ። የፓኔል ዋጋ ባለፉት 15 ዓመታት በዓለም ገበያ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። አጃቢው ዕቃ ግን ያን ያህል አልረከሰም። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ሻጮቹም "ይሄ የዛሬ ዋጋ ነው፣ ለነገ አናውቅም" እያሉ ነው የሸኙን።

የዓመቱ ትልቅ ክርክር የተነሣው በፕሪንተር ነው። 10 ባለ 9 ዋት አምፖልና እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚወስዱ 4 ላፕቶፖች ተደምረው 290 ዋት ናቸው። ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር ይበቃቸዋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ሲነሣ እስከ 1000 ዋት ሊስብ ይችላል። ለእሱ ሲባል ባለ 2000 ልንገዛ ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ "መብራት ሲጠፋ ማተሙ ይቆየና!" አለች። በድምፅ ብልጫ አለፈ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እስካሁን ትንሽ እንዳኮረፉን ናቸው።

በተረፈው ገንዘብ ንጹሕ ሞገድ፣ ማለትም እንደ መሥመር መብራት ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጠውን ኢንቨርተር ገዛን። ርካሹ የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። አምፖል ያበራል፤ ሞተር ያለው ዕቃ ግን በእሱ ሲሠራ ይግላል፣ ያጉረመርማል። ፓኔል 25 ዓመት ሲያገለግል ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ቀን እንደገና ይገዛል። ይህን ለቀጣዩ የክበቡ ተጠሪ በጽሑፍ አስቀምጠናል።

ገመዱ ላይ ያዳነን ፊዚክስ ነው። 500 ዋት በ12 ቮልት ባትሪ ወደ 42 አምፔር ይሆናል፣ በ24 ቮልት 21። የአምፔሩ መጠን በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ገመድ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። 24ን መረጥንና ቀጠን ያለ ገመድ በቃን። የክፍል ትምህርት እንዲህ ብር ሲያተርፍ ማየት ለአስተማሪ ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

በወላጆች ቀን ሻይና ዳቦ ሸጠን ለባትሪው ገንዘብ አሰባሰብን። እናቶች ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ "ምጣድ ይችላል?" ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ልጆቹ "አይችልም፣ እማማ" ሲሉ ዋሉ።

የመሬት ገመዱና የመብረቅ መከላከያው ገና አልተገዙም። የባሕር ዳር ክረምት ነጎድጓድ ደግሞ አይቀለድበትም። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የሞከርነውን ፓኔል አውርደን መጋዘን አስገብተነዋል። ጣራ ላይ የሚወጣው መስከረም ነው።