ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አይኤልትስ ንባብና ጽሑፍ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም አባትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ለሚለካበት ለአይኤልትስ ፈተና መመዝገብሽን፣ ልትማሪበት የፈለግሽው ዩኒቨርሲቲም ከ9 በአማካይ 6.5፣ ከአራቱ ክፍሎች በየትኛውም ቢሆን ከ6 ያላነሰ ውጤት እንደሚጠይቅ ከነገርሽኝ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ። ማዳመጡና መናገሩ አያሳስበኝም፤ ከውጭ አገር ሐኪሞች ጋር ስትሠሪ ቆይተሻልና በዚያ በኩል ራስሽን ትችያለሽ። ንባቡና ጽሑፉ ግን በስልክ ወሬ መሀል ተነካክቶ የሚታለፍ ጉዳይ ስላልሆነ፣ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰውም ጡረታ ቢወጣ ጠመኔውን አይጥልምና፣ የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ እንድትረጂልኝ የምፈልገው ይህ የዕውቀት ፈተና አለመሆኑን ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ኅብረተሰብ ወይም ስለ ሳይንስ ምን ያህል እንደምታውቂ የሚለካ አንድም ጥያቄ የለውም፤ የሚለካው የተጻፈውን በትክክል ማንበብሽንና በተጠየቅሽው ላይ ብቻ መጻፍሽን ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ጎበዝ የምንላቸው፣ ብዙ የሚያውቁ ልጆች ነጥብ ሲጥሉ ያየሁት እዚሁ ላይ ነው።

ከንባቡ ልጀምር። አንቺ በምትፈተኚው፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ በተዘጋጀውና አካዴሚክ በሚባለው ዓይነት ሦስት ረጃጅም ምንባቦችና 40 ጥያቄዎች ይቀርቡልሻል፤ ለሁሉም የሚሰጥሽ 60 ደቂቃ ብቻ ነው። በወረቀት ለሚፈተኑ ሰዎች በማዳመጡ ክፍል መጨረሻ ላይ መልስ የሚገለብጡበት 10 ደቂቃ ይጨመርላቸዋል፤ በንባቡ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ የለም፤ ስለዚህ መልሱን እንዳገኘሽ ወዲያው በመልስ ወረቀቱ ላይ አስፍሪው። ከ40ው ወደ 23 ያህሉን የመለሰ ሰው ውጤቱ 6 አካባቢ ይሆናል፤ 7 ለማግኘት 30 ገደማ ያስፈልጋል። ይህን የምነግርሽ አንድ ጥያቄ አልፈታ ብሎ ሲይዝሽ እልህ ተጋብተሽ ደቂቃዎችሽን እንዳትጨርሺበት ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ያቃተሽንም ቢሆን ገምተሽ ሙዪው እንጂ ባዶ አትተዪው።

አንቺን ያሰናክልሻል ብዬ የምፈራው «ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቨን» (እውነት፣ ሐሰት፣ በምንባቡ አልተጠቀሰም) የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። ምንባቡ ስለ ወባ ቢሆንና «አጎበር በታደለባቸው መንደሮች የታማሚዎች ቁጥር ቀንሷል» ቢል፣ ጥያቄው ደግሞ «አጎበር ወባን ለመከላከል ከሚያገለግሉት መንገዶች ሁሉ ርካሹ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያቀርብልሽ፣ ነርስነትሽ ይቀድምሽና «ትሩ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ምንባቡ ግን ስለ ዋጋ ምንም አልተናገረም፤ ስለዚህ መልሱ «ኖት ጊቨን» ነው። «በእነዚያ መንደሮች የታማሚዎች ቁጥር ባለበት ቆይቷል» የሚል ቢመጣ ግን ምንባቡ ራሱ ስለሚያፈርሰው «ፎልስ» ይሆናል። የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚያፈርሰው ጣትሽን አኑረሽ ማሳየት ካልቻልሽ «ፎልስ» ብለሽ አትጻፊ። «አንዳንድ»፣ «አብዛኛው»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ» የሚሉትን ቃላት ደግሞ የመድኃኒት መጠን በምታነቢበት ዓይን አንብቢያቸው፤ ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚገለብጡት እነርሱ ናቸው።

ሌሎቹ የጥያቄ ዓይነቶች ያን ያህል አያስቸግሩሽም። «ከሁለት ቃላት ያልበለጠ» ሲባል ሦስት ከጻፍሽ መልሱ ልክ ቢሆንም አይያዝልሽም፤ የፊደል ግድፈትም እንዲሁ ነጥብ ያሳጣል። ለየአንቀጹ ርእስ ምረጪ ስትባዪ አንድ ተመሳሳይ ቃል ስላየሽ ብቻ አትምረጪ፤ ፈታኞቹ ያንን ቃል ሆን ብለው በሌላ አንቀጽ ውስጥ ያስቀምጡታል። ምንባቦቹ የሚወሰዱት ለጠቅላላ አንባቢ ከተጻፉ መጻሕፍት፣ መጽሔቶችና ጋዜጦች ነው፤ አንቺ ግን የምታነቢው የሙያሽን መመሪያ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እስከ ፈተናው ድረስ ከሙያሽ የራቀውን፣ ስለ ንቦችም ይሁን ስለ ጥንታዊ ከተሞች ወይም ስለ መስታወት አሠራር፣ አንብቢ። አሰልቺ ነው ብለሽ እንደምታማርሪ ይገባኛል፤ መሰላቸትን ችሎ እስከ መጨረሻው ማንበብም የዝግጅቱ አንድ ክፍል ነው።

ወደ ጽሑፉ ስመጣ፣ ቢከብድሽ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። ልጆቻችንን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ እናስተምራቸዋለን፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ግን ከአራት ምርጫ አንዱን አጥቁሩ እንላቸዋለን እንጂ ባዶ ወረቀት ሰጥተን የራሳችሁን አሳብ ጻፉ አንላቸውም። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎችን አዘጋጂ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ይፈልጋል። የሁለተኛው ክብደት የመጀመሪያው እጥፍ ስለሆነ 20 ደቂቃውን ለመጀመሪያው፣ 40 ደቂቃውን ለሁለተኛው መድቢ፤ የመጀመሪያውን ላሳምር ብለሽ ከሁለተኛው ጊዜ አትስረቂ።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ይሰጥሻል። የልጆች ክትባት በሦስት አገሮች ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደተለዋወጠ የሚያሳይ ግራፍ ቢመጣ፣ በአንደኛው አገር ቁጥሩ ያሽቆለቆለው በጦርነት ወይም በመድኃኒት እጥረት ነው ብለሽ ለመተንተን እጅሽ ይበላሻል። አትተንትኚ። ግራፉ ምክንያቱን አልነገረሽም፤ የሚጠበቅብሽ የታየውን መናገር ነው። ቁጥሩን ሁሉ ተራ በተራ መዘርዘርም አይደለም፤ ዋናውን አካሄድ፣ ማለትም የቱ እንደጨመረ፣ የቱ እንደቀነሰ፣ የቱ ከሁሉ እንደበለጠ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ጠቅለል አድርገሽ አስቀምጪና ከዚያ በተመረጡ ቁጥሮች አስረጂ። ያ ጠቅላላ አሳብ የሌለበት ጽሑፍ እንግሊዝኛው የቱን ያህል ቢያምር ጥሩ ነጥብ አያገኝም።

ሁለተኛው ድርሰት ነው። «መንግሥታት ከሕክምና ይልቅ በሽታን ለመከላከል የበለጠ ገንዘብ ሊመድቡ ይገባል፤ በዚህ ምን ያህል ትስማሚያለሽ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብልሽ ስለ ጤና ጥቅም በጠቅላላው መጻፍ መልስ አይሆንም። ምን ያህል እንደምትስማሚ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቅ፤ እያንዳንዱ አንቀጽም ያንኑ አቋም በአንድ ምክንያትና በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ይደግፍ። መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ወስደሽ የአንቀጾቹን አሳብ በአጭሩ ንደፊ። አራሚዎቹ የሚያዩት አራት ነገር ነው፦ ለጥያቄው መልስ መስጠትሽን፣ የአሳብሽን ቅደም ተከተልና ትስስር፣ የቃላት ሀብትሽንና ሰዋስውሽን፤ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ሰዋስው ላይ ብቻ የሙጥኝ ያለ ተማሪ ከአራቱ ለአንዱ ብቻ ለፋ ማለት ነው።

ለየትኛውም ርእስ ይሆናል የተባለ መግቢያ የሚያሸመድዱ ማሠልጠኛዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። «ባለንበት የሉላዊነት ዘመን» ብሎ የሚጀምር ድርሰት ስንቱን እንዳረምሁ እኔ ነኝ የማውቀው! አራሚዎቹ የተሸመደደ ጽሑፍ ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑ ናቸው፤ ካወቁም ነጥብ ይቀንሳሉ። ለዚያ የምትከፍይውን ገንዘብ ለመጽሐፍ አውይው።

የምትፈተኚው በኮምፒውተር ከሆነ ቃላቱ በስክሪኑ ላይ ስለሚቆጠሩልሽ መቁጠር አያስፈልግሽም፤ በወረቀት ከሆነ ግን 250 ቃል በእጅ ጽሑፍሽ ስንት መስመር እንደሚይዝ ከወዲሁ እወቂ። ከተረኛነትሽ ነፃ በምትሆኝበት ቀን ሰዓት ይዘሽ አንድ ድርሰት ጻፊና ስልኩ ምንም ሳያርምልሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ከላይ ያነሣሁት የመከላከልና የሕክምና ጥያቄ የመጀመሪያው ይሁን፤ ቀይ እስክርቢቶዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

እናትሽ