የጨዋታ ዊኪና የሆሄያት ጣጣ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እኔና ጥቂት የሀዋሳ ጓደኞቼ ማይንክራፍት የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ በአማርኛ የሚያስረዳ ዊኪ (ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጽፉትና የሚያርሙት ድረ ገጽ) በትርፍ ጊዜያችን እያዘጋጀን ሲሆን፣ ከጨዋታው ይልቅ አጻጻፉ ስላስቸገረን ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ። በዊኪ አንዱ ገጽ ከሌላው ጋር የሚያያዘው በርእሱ በመሆኑ፣ አንዱ «ማዕድን» ሌላው «ማእድን» ብሎ ሲጽፍ ማያያዣው አንባቢውን ወደሌለ ገጽ ይወስደዋል። ባለፈው ሳምንት ስለ ብረት ማዕድን የሚያስረዳ ገጽ በእነዚሁ ሁለት ርእሶች ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁ፤ አንደኛው የእኔው ነበር። የከተማችንን ስም እንኳ «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ»፣ «አዋሳ» እያልን ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ለእያንዳንዱ ርእስ አንድ አጻጻፍ ተመርጦ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ወደዚያው እንዲመሩ ማድረግ ይገባል። እንደ «ክሪፐር» ያሉ የጨዋታው ፍጡራን ስሞች ሳይተረጎሙ ይቀመጡ፤ አራት ነጥብም ሁለት ነጥብን ደጋግሞ በመምታት ሳይሆን በራሱ ምልክት ይጻፍ። «እኔ እንደሞከርኩት» የሚለው አነጋገር ግን ለጓደኛ ወግ እንጂ ለማጣቀሻ ገጽ አይሆንም።

ጋዜጣችሁ ለሞክሼ ሆሄያት የሚከተለው የአጻጻፍ ደንብ ካለው በዚህ ዓምድ ቢያወጣልን፣ እኛም በዚያው እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሀዋሳ